ቀማሽ ያጣ ቤት

እናቴ በጾም ቀን ወጥ ስትሠራ ጨው የምቀምስላት እኔ ነበርሁ። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ውሃ እንኳ ምላሷ ላይ አታኖርም። ሽሮውን ታማስል ታማስልና ከማማሰያው ጫፍ መዳፏ ላይ አንጠብጥባ፣ እፍ ብላ አብርዳ፣ «ነይ ቅመሺልኝ» ትለኛለች። መዳፏን እልሳለሁ።

«ደህና ነው?»

«ትንሽ ይቀረዋል።»

«ቀረው ወይስ አማረሽ?» ትለኛለች። ዳግመኛ ለመላስ ብዬ እንደምዋሻት ታውቃለች። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ጾም ጀመርሁና ቀማሽነቱ ለጎረቤት ሕፃን አለፈ። ቀንቼ አለቀስሁ።

ዱባ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነበር። ዱባ የሚቀመሰው ጥሬውን ነው። እናቴ ገና እሳት ሳታነድድ ከእንቡጡ በኩል፣ አበባው ከረገፈበት ጫፍ፣ ጥፍር የምታህል ትቆርጥና ጾም ከሆነ ለእኔ ትሰጠኛለች፤ ፍስክ ከሆነ ራሷ ታኝካትና ትተፋታለች። አንድ ቀን እንኳ ይህን ሳታደርግ ዱባ ድስት ውስጥ ስትከት አላየኋትም። መራራ ዱባ ከውጭ አይታወቅም። ቀለሙም ሽታውም እንደ ደህናው ነው። ቅል ከተሳበበት አጥር አጠገብ የበቀለ ይመራል፣ ማንም ሳይተክለው ወፍ ዘራሽ ሆኖ የወጣም አይታመንም ትል ነበር። ለምን ይህን ያህል እንደምትጠነቀቅ ጠይቄያት አላውቅም። የሴት ሙያ ነው ብዬ ነበር የያዝሁት።

አሁን የምኖረው ጣሊያን አገር፣ ጭጋግ በማይለየው ሰሜኑ ክፍል ነው። ብቻቸውን የቀሩ አንዲት አሮጊት እጦራለሁ። አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ኪኒናቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ። እዚህ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ገበያው ሁሉ ዱባ ይሆናል፤ ዱባን ከፓስታ ጋር አዋሕዶ መሥራት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዱባው በሽንኩርት ይበስልና ይላላል፣ ፓስታው ከተቀቀለበት ውሃ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ፓስታውን እንደ ቀሚስ ያለብሰዋል። እሳቸው አይብ ይነሰንሱበታል፣ እኔ በጾም እተወዋለሁ። ረቡዕና ዓርብ ምግብ እንደማልቀምስ ካወቁ ወዲህ ማንኪያውን ይዤ ወደ ወንበራቸው እሄዳለሁ። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያጣጥማሉ፣ «ጨው» ይላሉ ወይም «ተይው» ይላሉ። በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው የእኔ ቀማሽ ሆኑ። እንግዲህ ይህ ልማድ ነው ያዘናጋኝ። ሁልጊዜ የሚቀምስ ሰው ያለ መሰለኝ።

እናቴ ስታርፍ አልደረስሁም። መንገዱም ስልኩም ተቋርጦ ስለነበር መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረች ከወር በላይ ካለፈ በኋላ ነው። በዚህ በሰው ቤት፣ በሰው ወጥ ቤት፣ የድስት ክዳን በእጄ እንደያዝሁ ሰማሁት። ስለዚህ ሁለት ዓመት አልፎ አክስቴ ደውለው «አባትሽ እህል ትተዋል፤ የምትመጪ ከሆነ አሁን ነይ» ባሉኝ ጊዜ አንድ ቀን አላደርሁም። የሁለት ሳምንት ፈቃድ ለመንሁና ሄድሁ። ጊዜው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ነው፤ ጽጌ፣ ገብሱ ገና ያልታጨደበት፣ ሜዳው ቢጫ በቢጫ የሆነበት ወቅት።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ድጓውን እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ተምረው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በማኅሌት የቆሙ፣ ድምፃቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ቤታችን የሚሰማ ሰው ነበሩ። ከንፋስ መውጫ ባጃጅ ይዤ፣ መንገዱ ካበቃበት ደግሞ በእግሬ ተጉዤ ቤት ስደርስ ጋቢ ብቻ መደቡ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። ጋቢው ውስጥ እሳቸው ነበሩ።

በሁለተኛው ቀን ንፋስ መውጫ ይዤያቸው ሄድሁ። ሐኪሙ እሳቸውን ውጭ አስቀምጦ እኔን ለብቻ ጠራኝ። ወጣት ነው፤ ሲናገር እስክሪብቶውን ያያል እንጂ እኔን አያየኝም።

«ይህ ኪኒን በባዶ ሆድ አይዋጥም። ካልበሉ ይመልሱታል። ኪኒኑን ካልወሰዱ ደግሞ፣ እህቴ፣ ገናን ማየታቸውን እንጃ።»

«ምን ይብሉ?»

«የፈለጉትን። ብቻ ሳህን ሙሉ ይብሉ።»

ሳህን ሙሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓለም ላይ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። አባቴ አንድ ሳህን እንዲበሉልኝ ነበር። የንስሐ አባታቸውን ለመንኋቸው፤ እሳቸውም ሕመማቸውን አይተው ከጾሙ ሰዓት ፈቷቸው፤ ቀትር ላይ እንዲበሉ፣ ምግቡ ግን የጾም እንዲሆን። ሽሮ ሠራሁ፣ ሁለት ጉርሻ። ገንፎ በኑግ ሠራሁ፣ ሦስት ማንኪያ። የአተር ክክ ሠራሁ፣ አልነኩትም። በሶ በጥብጬ ስሰጣቸው ለእኔ ብለው ይጎነጩና ዋንጫውን ከመደቡ ሥር ይደብቁታል።

«አባባ፣ ምን ልሥራልዎ? እርስዎ ብቻ ይንገሩኝ።»

«እህሉማ አልጠፋም፣ ልጄ» አሉኝ። «ጉሮሮው ነው የጠፋ።»

በዘጠነኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ማለዳ ጓሮ ወረድሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያረመው ሰው የለም። ጎመን የነበረበትን ሳማ ወርሶታል። በሳማው መካከል፣ የድሮው የእበት ክምር ከነበረበት፣ አንድ ትልቅ ዱባ እንደ ተኛ ግልገል ተጋድሟል። ቅጠሉ ደርቋል፣ እሱ ግን በስሏል። ቁጭ ብዬ በእጄ ዳበስሁት፤ ጤዛ ነበረበት። ማን ተከለው? ማንም። እናቴ ፍሬ ስትጥልበት ከነበረው ቦታ ነው የበቀለው። ከእሷ የተላከልኝ መሰለኝ። ወፍ ዘራሽ የሚለው ቃልም በሐሳቤ ሳያልፍ አልቀረም፤ አልዋሽም። ግን አለፈ እንጂ አልቆመም።

ከጣሊያን ስመጣ ሦስት እሽግ ፓስታ ይዤ ነበር። አባቴ የለመዱት ምግብ ሁሉ እናቴን እንደሚያስታውሳቸው አስብ ነበርና፣ እሷ ሠርታው የማታውቀው፣ ከማንም እጅ ጋር የማይነጻጸር ምግብ ብሠራላቸው ምናልባት ይበሉታል አልሁ። ዱባውን ተሸክሜ ስገባ አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቅዳሴ ሊሄዱ በበራችን ያልፉ ነበር።

«ይኼ የታሸገው ምንድን ነው?»

«ፓስታ ነው፣ እትዬ። በዱባ ልሠራላቸው ነው።»

«ዱባ በፓስታ!» አክስቴ በሩን ይዘው ሳቁ። «ባሕር ተሻግረሽ የተማርሽው ይኼን ነው? ዱባ እኮ እዚሁ ነበረልሽ።»

«እዚያ የተከበረ ምግብ ነው። ሆቴል ይቀርባል።»

«ዱባ ተከበረ! እንግዲህ ሳማም ተራው ደርሷል በዪኝ።»

በእኛ ዘንድ ዱባ ለእንግዳ አይቀርብም። ገብሱ እስኪደርስ ልጅ የሚታለልበት ነው። አክስቴ ግን ሳቃቸውን ሲጨርሱ ዱባውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉትና «ቀመስሽው?» አሉኝ።

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፣ እትዬ። ጽጌም ነው።»

«እኔማ እንዳንቺው ነኝ። የጎረቤት ልጅ ጥሪ።»

«ሁሉም ትምህርት ቤት ናቸው።»

አክስቴ ትከሻቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ሄዱ።

ቢላውን ይዤ ቆምሁ። ከእንቡጡ በኩል ጥፍር የምታህል ቆረጥሁ። አፍንጫዬ ላይ አስጠጋኋት፤ እንደ ዝናብ የዘነበበት ሣር ትሸታለች፣ ደህና ነች። ምላሴ ላይ ማኖርና መትፋት ነበር፣ ሌላ ምንም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሆን ብዬ ጾም ገድፌ አላውቅም። ባሕር ስሻገር፣ በሰው አገር ሥጋ ስቆርጥ፣ በሰው ልደት ኬክ ስጋግር፣ ጣቴን እንኳ ልሼ አላውቅም። በዚህ ነገር ኩራትም ነበረብኝ መሰል። አባቴን ላስቀምሳቸውም አሰብሁ፤ እሳቸው ከሰዓቱ ተፈተዋል። ግን ጥሬ ዱባ አፋቸው ላይ ካኖርሁ ያለቻቸውን ትንሽ ፍላጎት የምዘጋው መሰለኝና ተውሁት። ቁራጯን ለዶሮ ወረወርሁላት። ዶሮዋ ጫር አደረገችና ትታት ሄደች። ይህንም አይቻለሁ።

ዱባው በቢላ ብቻ አልበገር ብሎኝ የቢላውን ጀርባ በፍልጥ እየመታሁ ከፈልሁት። ውስጡ እንደ እንቁላል አስኳል ነው። ፍሬውን አውጥቼ ሰፌድ ላይ አሰጣሁ፣ ልጣጩን ላጥሁ፣ በትናንሹ ከተፍሁ። ሽንኩርቱን በዘይት ሳቁላላው ቆይቼ ዱባውን ጨመርሁ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የደረቀ በሶብላ። ጨውን እንደ እናቴ በመዳፌ ጎድጓዳ ለካሁ። ወጡ ጨው ሲበቃው ሽታው ይለወጣል፤ የጾም ቀን የሚያበስል ሰው ያውቀዋል። ሽታው ልክ ነበር። ቤቱን ሞላው። አባቴ ከመደባቸው ሆነው «ምንድን ነው የሚሸት?» አሉ። ከመጣሁ ጀምሮ ስለ ምግብ የጠየቁት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ፓስታው አስቸገረኝ። ጋይንት ደጋ ነው፤ ውሃው ቶሎ ይፈላል እንጂ ቶሎ አያበስልም። እዚህ ዘጠኝ ደቂቃ የሚበቃው እዚያ እጥፍ ፈጀ። መብሰሉን የማየው በጥርሴ ሳይሆን በጥፍሬ ነው። አንዷን አውጥቼ ስጫናት መሐሏ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ አልበሰለችም። ነጥቡ እስኪጠፋ ጉልቻው ሥር እንጨት ስማግድ ዓይኔ በጭስ አበጠ። ለማንሳት እንዳይቸገሩ ሳልከት በፊት ሰባብሬው ነበር። ዱባውን በማማሰያ ጀርባ ላላሁት፣ የፓስታውን ውሃ ጨመርሁ፣ አዋሐድሁት። ወርቅ መሰለ። አሮጊቷ ቢያዩት ያጨበጭቡ ነበር።

ቀትር ላይ ሳህን ሙሉ አቀረብሁላቸው። አባቴ ባርከው ማንኪያውን አነሱና ተመለከቱት።

«ይኼ ክር ምንድን ነው?»

«ፓስታ ነው፣ አባባ። ንፋስ መውጫ ሆቴል ቤት ያለው።»

«ክርማ አንገቴ ላይ አለኝ» አሉና ማዕተባቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ቀልደዋል። ከዚያ ጎረሱ።

ማኘካቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ፊት ለፊታቸው ድስቱን ታቅፌ ቆሜያለሁ።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ዱባው ከየት መጣ?»

«ከጓሮ። ከእማማ ቦታ ላይ በቅሎ አገኘሁት።»

ዋጡ። «ጥሩ ነው» አሉ።

ሁለተኛውን ጎረሱ፣ ሦስተኛውን ጎረሱ። ቆጠርሁ፤ ከአምስት በላይ ሲያልፍ መቁጠሩን ተውሁ። ቀስ ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ውዳሴ ማርያም እንደሚደግም ሰው ሳያቋርጡ በሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ከምግቡ ሙቀት ነው አልሁ። ሳህኑ የታጠበ እስኪመስል ጨረሱት። ማንኪያውን አስቀምጠው ውሃ ለመኑኝና ዋንጫውን ጨለጡት። ኪኒናቸውን በእጄ አዋጥኋቸው።

«የተረፈ አለ?» አሉኝ።

«ግማሽ ድስት አለ።»

«ለእኔ አኑሪልኝ። ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ። ለአክስትሽም ቢሆን።»

«ኧረ አባባ!»

«አንቺም ዛሬ ሰዓትሽ ሲደርስ በሶ ቅመሺ። ዱባ በባዶ ሆድ ለሴት ይከብዳል።»

እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ ሳቅሁ። እህል የጠሉ ሰው ድስት ሲሰስቱ! ሦስት ሰዓት ያህል ደስተኛ ነበርሁ፤ ሰዓቱን አውቀዋለሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። ነጠላቸውን አጠብሁ፣ አጥሩ ላይ አሰጣሁ። ሳህን ሙሉ፣ ሳህን ሙሉ እላለሁ በልቤ። ለእመቤታችን ምስጋና አደረስሁ። ጾሜን ስለጠበቅሁ ነው የሰማችኝ ብዬም አሰብሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ብዬ አስቤያለሁ። በመካከሉ አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቤቱ ጓሮ ሲዞሩ አይቻቸዋለሁ። ነፋስ ሊቀበሉ መሰለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አክስቴ ጸበል ጠጥተው ከቤተ ክርስቲያን መጡ። በሩ ላይ ሳሉ ነው የነገርኋቸው።

«እትዬ፣ ጨረሱት! ሳህኑን ጨረሱት!»

«ማን? ጋሼ?»

«ድስቱንም ከልክለውኛል። ለእርስዎም እንዳልሰጥ ተነግሮኛል።»

«እንዴት ተብሎ! ሊቁ ደብቀው የሚበሉትን ምግብ ሳልቀምስማ አልሄድም። አምጪው፣ አምጪው፣ ሳይመጡ።»

እየሳቅን ተቀመጥን። አቡነ ዘበሰማያት አደረስን። አክስቴ ቀድመው ጎረሱ። እኔም ተከትዬ ጎረስሁ።

የመራራው ስሜት መጀመሪያ ምላስ ላይ አይደለም፤ ከጉሮሮ በኩል ነው ተነስቶ የሚመጣ። አክስቴ ወደ ምድጃው ተፉት።

«ሬት! ምን ጨመርሽበት አንቺ? ሬት ነው!»

እኔ አልተፋሁትም። አፌ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ዓይኔ የታጠበው ሳህን ላይ ነው።

አባቴ በዚያው ሰዓት ገቡ። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ጺማቸው እርጥብ ነው። አንዴ ድስቱን አንዴ እኛን አዩ።

«አትስጪ አላልሁሽም?»

«ጋሼ፣ ይኼን በልተውታል?» አሉ አክስቴ።

«በላሁ።»

«መራራ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ምላስ አለኝ።»

«ታዲያ ምን ይሁን ብለው?»

አባቴ መደቡ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሲናገሩ ወደ ምድጃው እንጂ ወደ እኔ አላዩም።

«እናቷ በመጣች በዓመቱ፣ ገና ልጅ ሳለች፣ እንዲህ ያለ ዱባ ሠርታ አቀረበችልኝ። ሰው ነበር፤ ተማሪዎቼ ነበሩ። ሳህኑን ደጅ ወረወርሁት። አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እስክትሞት ድረስ ዱባ ሳታስቀምስ አብስላ አታውቅም። ባየኋት ቁጥር፣ ያችን ቁራጭ ለልጆቹ ስትሰጥ፣ አውቃለሁ።»

«እና ዛሬ ስለ እናቷ ብለው በሉት?» አሉ አክስቴ።

«ልጅቱ ድስቱን ታቅፋ እያየችኝ ነበር እኮ» አሉ አባቴ።

ጥሬ ዱባ ያኘክሁባቸው ቀናት ከየት እንደመጡ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁ። ሙያ አልነበረም። ቁስል ነበር።

ያን ቀን ኪኒኑንም ምግቡንም አውጥተውታል። በማግሥቱ ውሃም አልረጋ አላቸው። ከጤና ኬላ የመጣችው ባለሙያ «መራራ ዱባ ሆድ ያውካል፤ ያልፋል፣ በስኳርና በጨው ውሃ ያዙት» አለች። ማስመለሱ አለፈ። ነገር ግን ከዚያ በፊት ይቀምሷት የነበረችውን ሁለት ጉርሻ እንኳ ሆዳቸው እምቢ አለ። በቀሩኝ ጥቂት ቀናት ያቀረብሁትን ሁሉ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይይዙታል፣ ያመሰግኑኛል፣ መልሰው ይሰጡኛል። ልሄድ ስል እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስሁ።

«ይፍቱኝ፣ አባባ።»

«ከምኑ? አበላሽኝ እኮ። ለስንቱ ነው እንዲህ ሳህን ሙሉ የሚቀርብለት?»

ከተመለስሁ በኋላ መስመር በተገኘ ቁጥር እደውላለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው።

«በሉ ወይ?»

«በላሁ፣ ልጄ። ጠገብሁ።»

«ምን በሉ?»

«የተገኘውን። ጥሩ ነበር።»

«ጥሩ ነበር» ሲሉ ድምፃቸው ያኔ ዱባውን «ጥሩ ነው» እንዳሉበት ድምፅ ነው፤ ያው ርጋታ፣ ያው ልዝብነት። እንግዲህ ምኑን ልመን? አባቴ እኔን ለማስደሰት ሬት ውጠው ጥሩ ነው ሊሉ እንደሚችሉ አይቻለሁ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ይማሉልኝ» አልኋቸው። «ካህን አይምልም» ብለው ሳቁብኝ፤ ሳቁ መሐል ላይ በሳል ተቆረጠ።

በጾመ ነቢያት አረፉ። ገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው። የአክስቴ ስልክ ሲገባ የእሳቸው መስሎኝ «በሉ ወይ?» ብዬ ነው ያነሳሁት። በኋላ፣ ለቅሶው ጋብ ሲል፣ አክስቴን ጠየቅኋቸው። እኔ ከሄድሁ ወዲህ ምን ምን በልተው ነበር?

«ስልክ ላይ ብቻ ነበር የሚበሉ» አሉኝ።

ሐኪሙ ቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ሕመሙ ነው የገደላቸው ይላሉ ሁሉም። አክስቴም በእመቤቴ እያሉ ምለውልኛል። ሊሆን ይችላል። እኔ የማውቀው የመጨረሻው የሞላ ሳህን ከእጄ እንደነበረ ነው።

ይኸው እንደገና ጥቅምት ሆነ። ከመስኮቱ ውጭ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ገበያው ዱባ በዱባ ነው፣ አሮጊቷ ፓስታቸውን ይጠይቃሉ። ያለፈው ረቡዕ አንድ ገዝቼ መጣሁ። ማንኪያውን ይዤ ወደ ወንበራቸው መሄድ እችል ነበር፤ አሁንም አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። ግን እሳቸውም ይወዱኛል። የሚወድ ሰው ምላስ አይታመንም። ከእንቡጡ በኩል ጥፍር የምታህል ቆረጥሁና፣ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን፣ በጽጌ፣ በረቡዕ፣ ምላሴ ላይ አኖርሁ። አኘክሁ። ጣፋጭ ነበር። ተፋሁት።

እሑድ ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። ጾም ገደፍሁ አልሁ። በስህተት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይደለም፣ አውቄ ነው አልሁ። ስግደት ሰጡኝ፣ ዳግመኛ እንዳላደርገውም መከሩኝ። ስግደቱን አንድም ሳላጎድል ሰግጃለሁ። ዛሬ ደግሞ ረቡዕ ነው። ዱባው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ቢላውም አጠገቡ፣ እቀምሰዋለሁ።